ከቀብድ እስከ ቁልፍ

ከቡታጅራ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፥ ምድሩ ከጉራጌ ደጋ እየወረደ ወደ ማረቆ ሜዳ በሚዘልቅበት አገር፥ መስቃኑና ማረቆው ስልጤውም በአንድ ገበያ የሚገናኙባት እንሴኖ የምትባል ከተማ አለች። በዚህች ከተማ አንድ ሰው ቤት መግዛቱን ለወዳጆቹ የነገረ እንደ ሆነ፥ ከምርቃቱ በፊት ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ ዋጋውን ወይም የክፍሉን ብዛት የሚመለከት ሳይሆን «ስሙ ዞረ ወይ?» የሚል ነው። ሻጭና ገዢ በዋጋ ተስማምተው፥ ቀብድ ተቆጥሮ፥ ሽማግሎችም መርቀው ከተለያዩ በኋላ፥ ቤቱ በሕግ ፊት የገዢው እስኪሆን ድረስ የሚያልፈው ጊዜ አንዳንዴ ሳምንታት፥ አንዳንዴ ወራት፥ ወራሽና ክርክር የተነሣበት እንደ ሆነ ደግሞ ዓመታት ነውና። ይህን መቆያ ሰው ሁሉ የጸሐፊዎች ስንፍና ያመጣው ነው ይላል፤ ስንፍናው መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ወደ ኋላ ሄዶ የነገሩን ታሪክ ለተመለከተ ሰው፥ መቆያው የሚረዝመውም የሚያጥረውም በዚያ ቤት ላይ ቃል የመናገር መብት ያላቸው ስንት ናቸው፥ እነዚህስ የሚሰበሰቡት በምን መንገድ ነው በሚለው ምክንያት ሆኖ ይገኛል።

በጉራጌ አገር በቀደመው ዘመን ቤት የሚሠራ እንጂ የሚሸጥ ነገር አልነበረም። ክቡ ሣር ቤት በዘመድና በጎረቤት ጉልበት ይቆማል፤ ከፊቱ የመንደሩ ሁሉ የሆነው ሰፊው ጀፎረ ይዘረጋል፥ ከኋላው የእንሰቱ ማሳ ይቀመጣል። ቤቱ ከእንሰቱ፥ እንሰቱም ከጎሣው ተለይቶ አይታይም ነበር። እንዲህ ያለውን ቤት ለባዕድ መሸጥ ማለት ጎረቤቱን፥ ዘመዱንና አብሮ የሚቀብረውን ሰው ጭምር መሸጥ ስለሆነ፥ የወሰንና የይዞታ ነገር በሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ቂጫ፥ በክስታኔ ጉራጌ በጎርደና ሴራ በተባሉት የባህል ሕጎች፥ በሌላውም ዘንድ በየሽማግሎቹ ሸንጎ ይታይ ነበር እንጂ ወደ ገበያ አይወጣም ነበር። የቤት ሽያጭ ከከተማ ጋር የመጣ ነገር ነው። ከተማውም በዚህ አገር ከገበያና ከመንገድ ጋር መጣ፤ በተለይም በ1950ዎቹ ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው መንገድ በሕዝቡ መዋጮ ጭምር ሲሠራ፥ በአዲስ አበባ ነግዶ ያደረ ጉራጌ በመስቀል ወይም በዓረፋ ሲመለስ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት በከተማ መንገድ ዳር ማኖር ጀመረ።

ከዚህ በፊት በሰሜኑ አገር ግን መሬትና ቤት ሲሸጥ ሲገዛ ኖሯል፤ ለዚህም ስምዕ የሚሆኑን የጎንደር ብራናዎች ናቸው። በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ከጎንደር ወጣ ብላ ባሠራችው በደብረ ፀሐይ ቁስቋም፥ በሌሎችም የጎንደር አድባራት፥ የወንጌሉና የሌላው ቅዱስ መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ቅጠል የሽያጭ መዝገብ ሆኖ አገልግሏል። እገሌ ለእገሌ ይህን ምድር በዚህን ያህል ወቄት ወርቅ ሸጠ ተብሎ ይጻፋል፤ ቀጥሎ በማን ንጉሥነት፥ በማን ራስነት፥ በማን አለቅነት እንደ ተፈጸመ ይነገራል፤ ከዚያም ዳኛው፥ ዋሱ፥ ምስክሮቹ በየስማቸው ይዘረዘራሉ። የምስክሮቹ ዝርዝር አንዳንዴ ከሽያጩ ቃል ራሱ ይረዝማል። በዛሬው ዓይን ለሚያነበው ሰው ይህ አሰልቺ ይመስለዋል፤ ጥበቡ ያለው ግን እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው። ነገ ተነሥቶ «ድርሻዬ ነው» ሊል የሚችለው ሁሉ፥ ወንድሙም፥ ያጎቱ ልጅም፥ የደብሩ ካህንም፥ የአጥቢያው ሹምም፥ በዚያች ዕለት ተሰብስቦ ቆሞ እየሰማ ስሙ ይጻፋል፤ ስሙ ከተጻፈ በኋላ አላየሁም አልሰማሁም ማለት አይችልም። በእንዲህ ያለው ጽሑፍ ላይ ውሉን የሚያፈርሰውን ሁሉ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያስር ቃለ ውግዘትም ሲታከል ይገኛል። ስለዚህ እንደ እኔ አስተያየት ያ ዘመን መቆያውን አላጠፋውም፤ ከሽያጩ በፊት አደረገው እንጂ። ዘመድ እስኪስማማና ምስክር እስኪሰበሰብ ወራት ቢያልፉም፥ ብራናው ከተጻፈ በኋላ ገዢው የሚጠብቀው ነገር አልቀረም።

በዳኞቹ እጅ የነበረው መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥትም፥ በ13ኛው መቶ ዓመት ግብጻዊው ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል ከሰበሰበው ወደ ግእዝ የተመለሰው፥ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት የሚናገር አንቀጽ አለው። ከዚያ በኋላ የሚነሣው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ስለ አዲስ አበባ ቦታ ያወጡት ሕግ ነው፤ በከተማው ቦታ በባለቤትነት መያዝ፥ መሸጥና መግዛት በዚህ ሕግ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲያ የከተማ ቤት ባለቤትነት ከዘመድና ከደብር እጅ እየወጣ ወደ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ መሄድ ጀመረ።

ነገሩን ሁሉ የለወጠው ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ በመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አርቃቂው ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ፥ በአንቀጽ 1723 ስለማይንቀሳቀስ ንብረት የሚደረግ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ አዘዘ፤ በአንቀጽ 1185 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለሀብትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው አለ። በዚህም አንድ የነበረው ነገር ሁለት ሆነ፤ መስማማት አንድ ቀን፥ ባለቤት መሆን ሌላ ቀን ተባለ። በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ የሚሞላው ቀብድ ነው፤ እርሱንም ሕጉ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ደንግጎለታል። ቀብድ መስጠት ውሉ መደረጉን ያስረዳል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፥ የተቀበለው ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ ሥርዓት በ6ኛው መቶ ዓመት በንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ ሕግ ውስጥ የነበረ ነው፤ የእንሴኖ ነጋዴም የዮስጢኒያኖስን ስም ሳይሰማ ሲሠራበት ኖሯል። በእንግሊዝ አገር ግን ሻጩ ዋጋውን ተቀብያለሁ ካለ በኋላም፥ የውል ወረቀት እስኪለዋወጡ ድረስ፥ የበለጠ የሚሰጥ ሲመጣለት የመጀመሪያውን ገዢ ያለ አንዳች ቅጣት መተው ይችላል። የኛ ገበሬ ይህን ቢሰማ እንግሊዞችን ቃል የማያውቁ ሕዝብ ናቸው ሳይል የሚቀር አይመስለኝም።

ሕጉ ያሰበው ብሔራዊ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ግን አልተከፈተም። መዝገቡ እንዴት እንደሚያዝ የሚናገረው ክፍል ሙሉ ሆኖ ተጽፎ ሳለ፥ በሕጉ መጨረሻ ያሉት የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች ወደ ፊት በነጋሪት ጋዜጣ እስኪገለጽ ድረስ አገዱት፤ ማስታወቂያውም ሳይወጣ ቀረ። የሚጻፍበት መጽሐፍ ሳይኖር «ተጽፎ ካልሆነ አይተላለፍም» የሚለው ሕግ ግን ጸና። ማዘጋጃ ቤቶች በየራሳቸው ልማድ፥ በየራሳቸው ፋይልና ማኅተም ክፍተቱን እንዲሸፍኑ ሆነ፤ በትንንሽ ከተሞች የሚታየው የመዘግየት ሥር አብዛኛው ከዚህ የሚበቅል ይመስለኛል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 በመቆያው ላይ የነበሩትን ሰዎች ምን እንዳደረገ ማሰብ ያስደነግጣል። የከተማ ቦታ ሁሉ፥ ከአንድ መኖሪያ በላይ የሆነውም ትርፍ ቤት፥ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚፈቀደው ቦታም እስከ 500 ካሬ ሜትር ተወሰነ። ቀብድ የተከፈለበት፥ ስሙ ግን ያልዞረ ትርፍ ቤት በሕግ ዓይን ገና የሻጩ ነበር፤ የሻጩ ትርፍ ቤት ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ የመንግሥት ነው። ከዚያ በፊት መቆያው ለገዢ ያለው አደጋ የሻጩ መክዳት ወይም መሞት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን በእያንዳንዱ የቤት ሽያጭ ውስጥ፥ በገንዘቡም ሆነ በወረቀቱ፥ ሦስተኛ ወገን ተቀምጧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም አይለወጥም አለ፤ በላዩ የተሠራውን ቤት ግን ለሠራው ተወለት። እንግዲህ ዛሬ ቤት የሚገዛ ሰው ግድግዳውንና ጣራውን ከሻጩ ይገዛል፥ ቦታውን የመያዝ መብት ግን የሚያገኘው የባለመሬቱ መሥሪያ ቤት ሲቀበለው ነው።

በእንሴኖና በመሰሎቿ ከተሞች ከቀብዱ ወዲያ የሚጀምረው ጉዞ ይህ ነው። ካርታው የሻጩ ስም ያለበት መሆኑ ከማኅደሩ ጋር ይመሳከራል፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማስረጃ ይወጣል፤ የቦታ ኪራይና የጣራና ግድግዳ ግብር የቀረ ካለ ይከፈላል፤ ግምት ይሠራል፤ በ1990ው አዋጅ ቁጥር 110 መሠረት ከመቶ ሁለት የቴምብር ቀረጥ ይቆረጣል፤ ውሉም በሚያዋውለው ክፍል ፊት ይፈረማል። ሻጩ ያገባ ከሆነ ሚስቱም ትቀርባለች፤ ያላገባ ከሆነ አለማግባቱን ያስመሰክራል። አባት ሞቶ ልጆች የወረሱት ቤት ከሆነ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እስኪወጣ፥ አንዱ ልጅ ከአዲስ አበባ፥ አንዱ ከደቡብ አፍሪካ ውክልና እስኪልክ ይጠበቃል። የጎንደሩ ብራና በአንድ ቀን በአንድ ቦታ አቁሞ የጠየቃቸውን ሰዎች የዛሬው ሥርዓት አንድ በአንድ፥ በየቢሮው፥ በየማኅተሙ ይጠይቃቸዋል። ማኅተሙም ራሱ አይረጋም፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም፥ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ስትሆን እንደታየው፥ መዋቅር በተለወጠ ቁጥር የደብዳቤው ራስጌና የፈራሚው ሥልጣን አብሮ ይለወጣል።

በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው በመንደር ውል ይረካል። ሦስት ምስክር ይቆጠራል፤ ውሉን ያፈረሰ ለውል አክባሪው ይህን ያህል፥ ለመንግሥትም ይህን ያህል ብር ይክፈል ተብሎ ይጻፋል፤ በግርጌውም ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 የጸና ነው የሚል ቃል ይታከላል። የመንደሩ ጸሐፊ 1731ን በቃሉ የሚያውቅ ሆኖ ሳለ ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የቆመውን 1723ን የማያነሣበት ምክንያት ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ለመንግሥት የሚከፈለው መቀጫ የድሮውን ውግዘት ቦታ የያዘ ይመስላል፤ ውግዘቱ ግን የሚፈራው ነበረው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 አንቀጽ 1723 የሚያዘው ምዝገባ ያልተፈጸመለት የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ብሎ ወስኗል፤ የሰበር ትርጉምም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስር ነው። ስለዚህ ዕውቀት ያለው ገዢ ገንዘቡን በሁለት ይከፍለዋል፤ የሚበዛውን ቁልፍ ሲረከብ ይሰጣል፥ ቀሪውን ግን ስም እስኪዞር ይዞት ይቆያል፤ ሻጩ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚመላለሰው ስለዚህ ቀሪ ሲል ነውና።

በ1952 የታሰበውን መዝገብ የሚመስል ነገር በሕግ የመጣው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ነው። አዋጁ እያንዳንዱ ቁራሽ ቦታ ተለክቶ፥ ባለመብቱ ተጣርቶ፥ ተቃዋሚ ካለ በማስታወቂያ ተጠርቶ በአንድ መዝገብ እንዲገባ አዘዘ፤ ይኸውም ወንድሙንና ያጎቱን ልጅ ከሽያጩ ቀን በፊት መጥራት ማለት ነው። ያ መዝገብ በሥራ እስኪውል ድረስ የእንሴኖ ገዢ ቀሪውን ገንዘብ በእጁ ይዞ ወደ ቢሮው ይመላለሳል።