ማድቤት ልታድሱ ነው? ከሴራሚኩ በፊት ጭሱን አስቡ

በየስልካችን የሚመጣውን የኩሽና ቪዲዮ ሁላችንም እናየዋለን። ነጭ ካቢኔት፣ የሚያብረቀርቅ ግራናይት፣ ከላይ የተደረደረ መብራት። አዲ አርቃይም ልጅ ሥራ ሲይዝ ወይ ውጭ ያለ ወንድም ብር ሲልክ ቶሎ የሚነሳው ሐሳብ "ለእማዬ ኩሽና እናሠራላት" ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሳሎን አጠገብ ያለው ቆንጆ ክፍል ይሆንና፣ እማዬ እንጀራ ለመጋገር ተመልሳ ጓሮ ያለው ጭሳም ቤት ትገባለች። አዲሱ ካቢኔት ውስጥ ብርጭቆ ይደረደራል፣ የሷ ዓይን ግን እንደ ድሮው ያለቅሳል።

ስለዚህ ሜትር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ቁረጡ፦ እንጀራው የት ነው የሚጋገረው? በእንጨት ነው ወይስ በመብራት? የግድግዳው፣ የጣራው፣ የገመዱና የበጀቱ ነገር ሁሉ ከዚህ መልስ ነው የሚመጣው።

ጭሱ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። እኛ አገር ደግሞ እናት ስትጋግር ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ነው።

በእንጨት የምትቀጥሉ ከሆነ ክፍት ጉልቻውን ተዉት። "ምርጥ" የሚባለው የምጣድ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እዚሁ አገር የወጣ ሥራ ነው። በሲሚንቶ ተቀርጾ በቁራጭ በቁራጭ ይመጣና ቤት ውስጥ ይገጣጠማል፤ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ግን ጭሱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ ጭስ ማውጫ ያስፈልጋል። ቱቦው ከጣራው ጫፍ በላይ ይውጣ፣ ዝናብ እንዳይገባበት አናቱ ላይ ክዳን ይደረግለት፣ ቆርቆሮውን በሚበሳበት ቦታ ላይ ደግሞ ከማገሩ እንጨት ይራቅ። እሳት የሚነሳው እዚያ ጋ ነው። ጥቀርሻው በየጊዜው ካልተጠረገም ቱቦው ይደፈንና ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል።

ቱቦ ለማሠራት አቅም ካልፈቀደ፣ ከጣራው ሥር በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ላይ ክፍተት ማስተው ብቻ ትልቅ ለውጥ አለው። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ መውጫ ስጡት። አዲ አርቃይ ከደባርቅ አንጻር ቆላማ ስለሆነች ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ጣራ ሥር መጋገር በራሱ ቅጣት ነው፤ ጣራውን ከነካችሁት አይቀር ከፍ አድርጉት።

በመብራት ከሆነስ? የመብራት ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይበላል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው፤ ባለ 10 ዋት አምፖል 350 በአንዴ እንደማብራት ቁጠሩት። ይህን ያህል ኃይል በአሮጌ ሶኬትና በማከፋፈያ ማለፍ የለበትም። ገመዱ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ለምጣዱ ከቆጣሪው ሳጥን የሚነሳ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ አስደርጉለት። ለአምፖል 1.5፣ ለተራ ሶኬት 2.5 ይበቃል። ኧርዙ ሳይገባ ሥራው አለቀ እንዳትሉ፤ እርጥብ እጅና ምጣድ በሚገናኙበት ቤት ኧርዝ ማለት ነፍስ ነው። መብራት የሚሄድበት ቀን ደግሞ አለ። ስለዚህ የእኛ ምክር ሁለቱንም መያዝ ነው፦ ለዘወትር የመብራት ምጣድ፣ ለክፉ ቀን ጭስ ማውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ።

ግድግዳው የጭቃ ከሆነ አትናቁት። ጥሩ ሆኖ የተቦካ፣ ጭድ የበላ ጭቃ ዘመን ይሻገራል። ስህተቱ የሚመጣው በላዩ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን ነው። ጭቃና ሲሚንቶ እኩል አይሰፉም፣ እኩል አይጠቡም፤ ልስኑ ይሰነጠቅና እንደ ቅርፊት ይረግፋል። በዚያ ላይ እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና እንጨቱን ያበሰብሰዋል፣ ምስጡም ይከተላል። የግድ ሲሚንቶ ካላችሁ ግንበኛው መጀመሪያ የሽቦ መረብ ይወጥርበት። ካልሆነ ምጣዱና ማጠቢያው ያሉበትን ግድግዳ ብቻ በብሎኬት ወይ በድንጋይ አሠርታችሁ ሌላውን በጭቃ መተው ርካሽም ጤነኛም ነው። ሲሚንቶ የነካውን ሥራ ሁሉ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ አጠጡት። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ ሳይሆን ውኃውን ስለጠጣ ነው።

ሴራሚኩ ላይ እንምጣ፣ መቼም አይቀርም። ከጎንደር የሚጫን ዕቃ ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን ይወርዳል። ጣሊያን በ1930ዎቹ ተራራውን ፈልፍሎ ያወጣው ያ መንገድ ለፎቶ እንጂ ለሴራሚክ አይመችም። 3 በ4 የሆነ ማድቤት ወለሉ 12 ካሬ ነው። ለመቆረጥና ለመሰበር 10 በመቶ ጨምሩና 13.2 ያዙ። 60 በ60 የሆነው ሴራሚክ 4 ፍሬ በካርቶን ከሆነ አንዱ ካርቶን 1.44 ካሬ ይሸፍናል፣ ስለዚህ 10 ካርቶን ትገዛላችሁ። አንድ ካርቶን ጎደለ ብሎ እንደገና ጎንደር መላክ ከሴራሚኩ ዋጋ በላይ ያስወጣል፣ ቀለሙም ላይመሳሰል ይችላል። ለወለል የሚያንሸራትተውን አትግዙ።

ከፍታውን ከቪዲዮ አትቅዱ። እናታችሁን ጫማዋን አስጫምታችሁ አስቁሙና ከክርኗ በታች ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ለኩ፤ የመክተፊያው ጠረጴዛ ልኩ እሱ ነው። የምጣዱ መደብ ግን ከዚያም ዝቅ ይላል፣ ምክንያቱም ምጣዱ ራሱ ከፍታ አለው፣ አክንባሎውም ይነሳል። ምጣዱ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በአንድ ጎኑ ቡሃቃ፣ በሌላ ጎኑ ሰፌድ የሚያርፍበት ቦታ ካልቀረለት ቆንጆው መደብ ዋጋ የለውም።

ውኃ በየቀኑ ስለማይመጣ ሮቶ ታስባላችሁ። 1,000 ሊትር ሲሞላ 1 ቶን ይመዝናል። የቆየ የእንጨት ቆጥ ላይ አታውጡት።

ስለ ገንዘብና ስለ ሠራተኛ። "የእጅ ዋጋ" ሲባል ዕቃው የእናንተ ነው ማለት ነው፤ ሚስማሩ፣ ማጣበቂያው፣ ቆሻሻ ማንሳቱ የማን እንደሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በቀን የሚከፈል ሥራ ይረዝማል፣ በቁርጥ የተያዘ ይጣደፋል። ለማፍረስና ለመልሶ ግንባታ በቀን፣ ለሴራሚክና ለኤሌክትሪክ በቁርጥ ቢሆን ይሻላል ባይ ነን። ቀብድ ስጡ፣ ግን ሙሉውን አትስጡ፤ ጣራው ሲያልቅ፣ መስመሩ ሲያልቅ፣ ልስኑ ሲያልቅ እያላችሁ ክፈሉ። ጋሼ ግንበኛ ቢከበሩም፣ ቢወደዱም ነገሩ በወረቀት ይስፈር። ከበጀታችሁ 20 በመቶ ደግሞ አትንኩት፤ አሮጌ ግድግዳ ሲፈርስ ያልታሰበ ነገር አይጠፋም። የውጭ ግድግዳ ወይ ጣራ የምትነኩ ከሆነ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። ቤቱ የኪራይ ወይም የቀበሌ ከሆነማ ከፈቃድ በፊት አንድ ድንጋይ አታንሱ።

ስልካችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ገመዱና ቧንቧው ተቀብሮ ልስን ከመመታቱ በፊት ሜትሩን ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ስትበሱ ያ ፎቶ ገመድ ከመቁረጥ ያድናችኋል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃም ሲሚንቶም በወጉ አይደርቅም፣ አትጀምሩ። ፋሲካ ወይም ሠርግ ከፊታችሁ ካለም አቆዩት። ግንበኛው ሁለት ሳምንት ካለ እናንተ ወር ብላችሁ ያዙ፤ እስከዚያ በጎረቤት ምጣድ ነው የሚጋገረው፣ እንጨቱንም ሊጡንም ይዞ መሄድ ነው።

አሮጌውን ማድቤት ደግሞ በአዲሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይጋገር አታፍርሱት። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር በደንብ ሳይሟሽ እንጀራ አይለቅም፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እንጀራዎች ተቀዳደው ቢወጡ ኤሌክትሪሺያኑን አትውቀሱ፣ ለእማዬ ጊዜ ስጧት።