ሐዋሽ (ቅመም)

ሐዋሽ የሶማሌ ሕዝብ ለሥጋ፣ ለሩዝና ለወጥ የሚጠቀምበት የተፈጨ ድብልቅ ቅመም ነው። ከሐረር ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ጅግጅጋን ጨምሮ በሶማሌ ክልል ይታወቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከከሙን፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድ፣ ሄል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ይዘጋጃል። ዋናው ነገሩ ቀይ በርበሬ ስላልሆነ ከማቃጠሉ ይልቅ መዓዛው ይጎላል።

በየመን ተቀራራቢው ቅመም ሐዋይጅ ይባላል። ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱ ለሥጋና ለሾርባ፣ ሌላው ዝንጅብልና ሄል የሚገባበት ለቡና ነው።

ከቡና ጋር ለዶሮ ጥብስ

በኢትዮጵያ ቡና በዋናነት ይጠጣል፤ የተፈጨ ቡናን ከቅመም ጋር ሥጋ ላይ ማሸት ግን በአሜሪካ የታወቀ ዘዴ ነው። ሐዋሽም ለዚህ ይስማማል። ለአንድ የተበለተ ዶሮ 2 የሾርባ ማንኪያ ተቆልቶ የላመ ቡና፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሐዋሽ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ጥቂት ዘይት ይበቃል። ሥጋው በድብልቁ ታሽቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ 1 ሰዓት ያህል ይቆያል።

ቡና ሲያር ስለሚመር፣ ዶሮው የሚጠበሰው ነበልባሉ በጠፋ የከሰል ፍም ላይ ነው። ቡናው ገና ከጅምሩ ሥጋውን ስለሚያጠቁረው መብሰሉ በመልኩ አይታወቅም። ውስጡ ጥሬ የሆነ ዶሮ ሳልሞኔላን የመሳሰሉ ተሕዋስያን ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ የሥጋው ወፍራም ክፍል፣ አጥንት ሳይነካ በቴርሞሜትር ሲለካ፣ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት። ጥሬ ሥጋ የነካው ትርፍ ድብልቅ ይጣላል።