«ማነቆ» እና «መጨናነቅ»፦ የሁለት ቃላት አመጣጥ

በትርጉም ሥራ ላይ «ማነቆ» እና «መጨናነቅ» አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ይታያል። የቃላቱ አመጣጥ ግን የተለያየ ነው።

«ማነቆ» የወጣው «አነቀ» ከሚለው ግሥ ነው። ግሡ በግዕዝ «ኀነቀ» ሲሆን፣ ጉሮሮን አጥብቆ ትንፋሽ መከልከል ማለት ነው፤ የዐረብኛው «ኸነቀ» እና የዕብራይስጡ «ሐነቅ» የዚሁ ሥር ዘመዶች ናቸው። «ኀለፈ» በአማርኛ «አለፈ» እንደ ሆነ ሁሉ፣ የመጀመሪያው የጉሮሮ ድምፅ ጠፍቶ «አነቀ» ሆኗል። ግሡ ከጉሮሮ አልፎ ለሌላ ነገር መነገሩም የቆየ ነው፤ በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዘሪው ምሳሌ፣ እሾህ ዘርን፣ የዓለም አሳብም ቃሉን ያንቃል። እንግዲህ «ማነቆ» የሚያንቀውን፣ ይኸውም መተላለፊያን የሚያጠበውን ነገር ይሰይማል።

«መጨናነቅ» ግን ከ«ጨነቀ» ይመጣል። ይህ ግሥ «ጨነቀኝ» ሲባል የልብን ጥበትና ሥጋት ይናገራል። «ነገረ» «ተነጋገረ» እንደሚል፣ መካከለኛው ፊደል ሲደገም «ተጨናነቀ» ይሆናል፤ ድርጊቱም የብዙዎችና የእርስ በርስ ይሆናል። ስለዚህ መጨናነቅ ያለ ብዛት አይኖርም።

ልዩነቱን በአንድ ጠባብ ድልድይ ማስረዳት ይቻላል። ድልድዩ በሌሊት ማንም ሳያልፍበትም ማነቆ ነው፤ መጨናነቁ ግን ተሽከርካሪዎቹ ሲበተኑ ያበቃል። ተርጓሚው አንዱን ቃል በሌላው ቢተካ፣ አንባቢው ምክንያቱን ከውጤቱ መለየት ያቅተዋል፤ ድልድይ ማስፋት የሚገባውም ተሽከርካሪ ሲቆጥር ይውላል።