የመጠለያ ሐቅ፦ ከሪባጥ አል-በግዳዲያ እስከ ሐዷና ሕግ

በ684 ዓመተ ሂጅራ (1285 እ.ኤ.አ.) የሱልጣን በይበርስ ልጅ ተዝካርባይ ኻቱን ለሸይኻ ዘይነብ አል-በግዳዲያ በካይሮ አንድ ሪባጥ አሠሩ። ታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ እንደዘገቡት፣ የተፈቱ ወይም ባሎቻቸው የራቋቸው ሴቶች እስኪያገቡ ወይም ወደ ትዳራቸው እስኪመለሱ ድረስ በዚያ ይጠለሉ ነበር። ቤቱ በጥብቅ ሥርዓት ይተዳደር ነበር፤ ሁልጊዜም ሴቶችን የምትመክርና ፊቅህ የምታስተምር ሸይኻ ነበረችው። በ714 ዓ.ሂ. ያረፉት ፋጢማ ቢንት ዐባስ ከእነዚህ አንዷ ናቸው። ከ806 ዓ.ሂ. በኋላ በደረሰው መከራ ግን የሪባጡ ነገር ተዳከመ።

ሪባጡ ለሴቲቱ ጣሪያ ሰጠ። ልጅ ይዛ የወጣችውስ የት ትደር? የጥያቄው መሠረት በሱረቱ አጥ-ጦላቅ 6ኛ አያ ይገኛል፤ አያው የተፈቱትን በአቅም ልክ ማስጠለልን፣ እነርሱን ከመጉዳት መታቀብንና ለምታጠባ እናት ዋጋዋን መክፈልን ያዛል። የሐነፊ መዝሀብ ፉቀሃዎችም የአሳዳጊዋ የቤት ኪራይ በአባት ላይ ግዴታ መሆን አለመሆኑን ተከራክረውበታል። የግብፅ ሕግ ቁጥር 100 የ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሚስቱን የፈታ አባት ለትናንሽ ልጆቹና ለአሳዳጊያቸው ራሱን የቻለ ተስማሚ መኖሪያ እንዲያዘጋጅ ደነገገ።

ከዚህ ታሪክ ለኢማሞችና ለመምህራን የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው፦ እናት ቤት በማጣቷ ብቻ ልጇን ለማሳደግ እንደማትበቃ ሊፈረድባት አይገባም። ሽምግልና የተቀመጠ ሰው «ልጁ ለማን ይሰጥ?» ከማለቱ በፊት «እናትና ልጅ አብረው የት ይደሩ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ወቅፍ ጥንትም አገልግሏል፤ ዛሬም ሊያገለግል ይችላል።