እቴጌ መነን አስፋው፡ በትዳራቸው የጸኑ፣ ስእለታቸውን የፈጸሙ እናት

ቤተ ክርስቲያን ጋብቻን ከምሥጢራት አንዱ አድርጋ ትቆጥራለች። ስለዚህም የቅድስና መንገድ በገዳም ለሚኖሩ ብቻ የተከፈተ አይደለም፤ ባልዋን አክብራ፣ ልጆችዋን በሥርዓት አሳድጋ፣ ድኃውን እየተመለከተች ለምትኖር ሴትም የተከፈተ ነው። በዘመናችን አቅራቢያ ከነበሩት የዚህ ሕይወት ምሳሌዎች አንዷ እቴጌ መነን አስፋው ናቸው።

ትውልድና ጋብቻ

እቴጌ መነን በ1880ዎቹ መጀመሪያ በወሎ፣ አምባሰል ተወለዱ። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸውም የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን ነበሩ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ይባላል። በ1903 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተባሉት ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ከዚህ ትዳር ተናኘወርቅ፣ አስፋ ወሰን፣ ዘነበወርቅ፣ ፀሐይ፣ መኰንንና ሣህለ ሥላሴ የተባሉ ስድስት ልጆችን ወለዱ፤ ከቀደመ ትዳራቸውም ልጆች ነበሯቸው።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥቱ በነገሡበት ዕለት እርሳቸውም ዘውድ ጫኑ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በስማቸው የተጠራው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ሴት ልጅን ማስተማር ብዙ ባልተለመደበት በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ የእናትነት ሥራ ነበር።

የስደት ዘመንና ስእለቱ

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ንጉሣዊው ቤተሰብ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደደ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በባዝ ከተማ ተቀመጡ። እቴጌይቱ በስደት ዘመናቸው ቅዱሳት መካናትን እየተሳለሙ ስለ አገራቸው ያለቅሱና ይጸልዩ ነበር። በቤተልሔም፣ ጌታችን በተወለደበት ቦታ በታነጸው ቤተ ክርስቲያን፣ ኢትዮጵያ ነፃነቷን ብታገኝ የነገሡበትን ዘውድ ሊሰጡ ለእመቤታችን ተሳሉ።

በ1933 ዓ.ም. አገር ነፃ ሲወጣ ቃላቸውን አላጠፉም። ዘውዱ ወደ ቤተልሔም ተላከ፤ እርሳቸውም ከዚያ በኋላ ያን የመሰለ ዘውድ በራሳቸው ላይ አልደፉም። ሐና የተሳለችውን ልጅዋን ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ቤት እንደ ሰጠች፣ እቴጌይቱም የክብራቸውን ምልክት ሰጡ። በጭንቅ ቀን መሳል ለብዙዎቻችን ይቀላል፤ ጭንቁ ካለፈ በኋላ መፈጸም ግን ያስቸግራል። ከታሪካቸው የምንማረው አንዱ ቁም ነገር ይህ ነው።

ምግባርና ኀዘን

በቅድስት አገር በዮርዳኖስ ወንዝ አጠገብ ያለው የቅድስት ሥላሴ ገዳም የተሠራው በእርሳቸው ነው። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ምእመናንን ጉዞ የሚያሰናዳው ማኅበርና የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበርም የበላይ ጠባቂ ነበሩ።

ይሁን እንጂ የቤተ መንግሥት ኑሮ ከእናት ኀዘን አላዳናቸውም። ልዕልት ዘነበወርቅ በ1926 ዓ.ም.፣ ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም.፣ ልዑል መኰንን በ1949 ዓ.ም. በሞት ተለዩአቸው። ልዕልት ፀሐይ በስደት እያሉ የሕሙማን አስታማሚነት ትምህርት ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ነበር ያረፉት። ከንጉሠ ነገሥቱ ከወለዷቸው ስድስት ልጆች የሦስቱን ሞት ያዩት እናት ግን ከጸሎትና ከምጽዋት አልተለዩም።

ዕረፍት

እቴጌ መነን የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ተቀበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ስለ ደግነታቸውና ስለ መንፈሳዊነታቸው በቀብሩ ላይ ተናገሩ። ንጉሠ ነገሥቱም በበኩላቸው፣ በኀምሳ ዓመት የትዳር ዘመናቸው በመካከላቸው ገብቶ የሚያስታርቅ ሦስተኛ ሰው አስፈልጓቸው እንደማያውቅ መሰከሩ። ከዕርቅ ሽማግሌ ደጅ ብዙ ባለትዳሮች በማይጠፉበት አገር ይህ ምስክርነት ከማዕርግ ሁሉ ይበልጣል።

ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዐፅም በዚያው ካቴድራል ሲያርፍ በሞት የተለያዩት ባልና ሚስት በአንድ ቤተ መቅደስ ተገናኙ። እናቶቻችን በየቤታቸው፣ ያለ ዘውድና ያለ ማዕርግ፣ ይህንኑ ገድል በየዕለቱ ይፈጽማሉ። እኛም በሕይወት ያሉትን እናክብር፤ ያረፉትን በጸሎትና በምጽዋት እናስብ።

እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።