የነጻ ዝውውር መመሪያ (የአውሮፓ ኅብረት)

የነጻ ዝውውር መመሪያ (ቁጥር 2004/38) የአውሮፓ ኅብረት ዜጎችና ቤተሰቦቻቸው በአባል አገራት የመዘዋወርና የመኖር መብታቸውን የሚደነግግ ሕግ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

የኅብረቱ ዜጋ ወደ ሌላ አባል አገር ሲሄድ፣ የውጭ ፓስፖርት ያላት ሚስቱ ወይም ያለው ባሏ አብሮ የመግባት መብት አለው። ቪዛ ካስፈለገ ያለ ክፍያና በተፋጠነ ሁኔታ ይሰጣል። በአንቀጽ 10 መሠረት የተሰጠ የመኖሪያ ካርድ የያዘ ግን ቪዛ አያስፈልገውም። ሰነድ የጎደለው የትዳር ጓደኛ ከድንበር ከመመለሱ በፊት መብቱን በሌላ ማስረጃ እንዲያረጋግጥ ዕድል ይሰጠዋል።

መመሪያው በዜጋው በራሱ አገር አይሠራም። ለምሳሌ ከጀርመናዊ ባሏ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ፈረንሳይ የምትሄድ ኢትዮጵያዊት የቪዛ ክፍያ አትጠየቅም፤ ጉዞው ወደ ጀርመን ከሆነ ግን ጉዳዩ በዚያው አገር ደንብ ይታያል።