ጥሬ ወተት፦ ከቱነይድባ እስከ አዲስ አበባ ገበሬንና ሸማችን የሚያወዛግበው ጥያቄ

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። እንዲህ ባለው ሙቀት ማለዳ የታለበ ወተት ማቀዝቀዣ ካላገኘ ቀኑ ሳይጋመስ መኮምጠጥ ይጀምራል። አርብቶ አደሩ ሳይበላሽበት መሸጥ፣ እናት ደግሞ በቶሎ አፍልታ ለልጇ መስጠት አለባት። በሁለቱ መካከል ብዙውን ጊዜ ማቀዝቀዣም፣ ፋብሪካም፣ ተቆጣጣሪም የለም።

በዚህ ግዛት የሚገኘው የቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው በጥር 2021 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። መጠለያው ከኅዳር 2020 ጀምሮ የትግራይን ጦርነት ሸሽተው በሐምዳይትና በመንደር 8 የመቀበያ ጣቢያዎች በኩል ለገቡ ኢትዮጵያውያን የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከድንበሩ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይገኛል። ወደዚያ ከተወሰዱት ቤተሰቦች መካከል በአገራቸው የሚያልቧት ላም የነበረቻቸው ጥቂት አልነበሩም። በስደት ግን ወተት ገዢ ሆኑ።

ጥሬ ወተት መሸጥ ይከልከል ወይስ ይፈቀድ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሳው በበለጸጉት አገራት ነው። ነገር ግን ውሳኔው ይበልጥ የሚከብደው ወተት ገዝቶ ከመጠጣት ውጪ አማራጭ በሌለው ቤተሰብና ከብት አልቦ ከመሸጥ ውጪ ገቢ በሌለው ገበሬ ላይ ነው።

ክልከላው ከየት መጣ?

ጥሬ ወተት የሚባለው ከታለበ በኋላ በሙቀት ያልታከመ ወተት ነው። እንዲህ ያለው ወተት ብሩሴሎሲስን፣ የከብት ሳንባ ነቀርሳን እንዲሁም ሳልሞኔላ፣ ሊስትሪያ፣ ካምፒሎባክተርና ኢ. ኮላይ የተሰኙ ተህዋሲያንን ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ፓስቸራይዜሽን የሚባለው ዘዴ ወተቱን በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ በማሞቅ እነዚህን ተህዋሲያን ይገድላል።

ከከተሞች ቀድማ ወተት ፓስቸራይዝ እንዲደረግ በሕግ ያስገደደችው በ1908 የአሜሪካዋ ቺካጎ ናት። ስኮትላንድ የጥሬ ወተት ሽያጭን በ1983፣ ካናዳ ደግሞ በ1991 ከልክለዋል። የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ከ1987 ጀምሮ ጥሬ ወተት ከግዛት ወደ ግዛት ተሻግሮ እንዳይሸጥ ቢያግድም፣ ከግዛቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በየወሰናቸው ውስጥ በተለያየ መልኩ ሽያጩን ይፈቅዳሉ። በእንግሊዝ የተመዘገበ አርቢ ማስጠንቀቂያ ጽፎበት በቀጥታ ለሸማቹ መሸጥ ይችላል።

በእነዚህ አገራት ክልከላውን የሚቃወሙ ሸማቾች የሚበሉትንና የሚጠጡትን የመምረጥ መብት እንዳላቸው ይከራከራሉ። አነስተኛ አርቢዎችም ያለ አቀነባባሪ መሸጥ የተሻለ ዋጋ እንደሚያስገኝላቸው ይናገራሉ። የጤና ባለሥልጣናት በበኩላቸው ጉዳቱ የሚደርሰው ምርጫውን ባላደረጉት ሕፃናት ላይ ነው ይላሉ። በ2024 የወፍ ጉንፋን ቫይረስ በአሜሪካ የወተት ላሞች ላይ ከተገኘና በጥሬ ወተት ውስጥም ከታየ በኋላ ውዝግቡ እንደገና አገርሽቷል።

በገዳሪፍና በቱነይድባ

በምሥራቅ ሱዳን ክርክሩ ሌላ መልክ አለው። እዚህ ጥሬ ወተት ከሌሎች ወተቶች መካከል የሚመረጥ ሳይሆን በአብዛኛው ብቸኛው ትኩስ ወተት ነው። በሱዳን ከተሞች በአህያ ላይ በተጫነ ዕቃ ወተት እየዞሩ መሸጥ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ከወተቱ ከፊሉ በሻይ ይጠጣል፤ ከፊሉ ‘ሮብ’ ወደሚባለው የረጋ ወተት ይለወጣል። ግመል አርቢዎች ደግሞ ‘ጋሪስ’ የተባለውን የኮመጠጠ የግመል ወተት ያዘጋጃሉ። ማኮምጠጥ ማቀዝቀዣ በሌለበት ምድር ወተትን ማቆያ ጥበብ ነው።

የወተቱ አቅርቦት ከአርብቶ አደሩ ጉዞ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። በክረምት ከብቶች ከጭቃና ከዝንብ ሸሽተው ወደ ሰሜን ወደ ቡታና ሜዳ ይወጣሉ። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ ገለባና ውኃ ፍለጋ ወደ ደቡብ፣ ወደ ወንዞቹ ዳርቻ ይመለሳሉ። ሣር በሚበዛበትና ላሞች በደንብ በሚታለቡበት ወቅት መንጋው ከገበያ ይርቃል። የገዳሪፍ ጥቁር መረሬ አፈርም ዝናብ ሲነካው ለተሽከርካሪ የማይበገር ጭቃ ይሆናል። ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በትራክተር የሚታረሱ ሰፋፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻዎች የግጦሽ መሬቱን በማጥበባቸው አርብቶ አደሩና ገበሬው በየዓመቱ ይጋጫሉ።

በመጠለያ ያለው ሸማች ደግሞ የራሱ ገደቦች አሉበት። በሱዳን ሕግ ስደተኛ ያለፈቃድ ከመጠለያው መራቅ አይችልም፤ ስለዚህ የተሻለ ወተት ፍለጋ ወደ ከተማ መውጣት ቀላል አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንም የዱቄት ወተት በመጠለያዎች እንደልብ እንዳይታደል የሚገድብ መመሪያ አለው። ንጹሕ ባልሆነ ውኃ የተበጠበጠ ዱቄት ሕፃናትን ለተቅማጥ ያጋልጣል፣ እናቶችንም ከማጥባት ያዘናጋል የሚል ነው ምክንያቱ።

ጥሬውን ወተት በቤት ማፍላት ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ለማፍላት ግን ማገዶ ያስፈልጋል። በዛፍ አልባው የገዳሪፍ ሜዳ እንጨት ለቀማ ስደተኞችን ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ሲያጋጭ የቆየ ጉዳይ ነው። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ ነዳጅን አስወድዷል፣ ተጨማሪ ተፈናቃዮችንም ወደ ገዳሪፍ አምጥቷል። በዚያው ዓመት መስከረም በግዛቱ ኮሌራ መከሰቱ ሲታወጅ፣ ወተት ላይ የሚጨመር አንድ ኩባያ ያልተጣራ ውኃ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገም።

የአዲስ አበባው ወተት

ኢትዮጵያ ዘመናዊ የወተት ሥራ የጀመረችው በ1947 ነው። ያኔ ከጦርነቱ በኋላ በተሰጠ የመንግሥታት ዕርዳታ 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ወደ አገር ገብተው በአዲስ አበባ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። በ1960 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ዩኒሴፍ ድጋፍ ሾላ ላይ የሙከራ ፋብሪካ ተከፈተ። ‘ሾላ ወተት’ የሚለው ስም በከተማዋ ነዋሪዎች አፍ ላይ የቀረው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ይሁንና ዛሬም ለገበያ ከሚቀርበው ወተት አብዛኛው በፋብሪካ አያልፍም። ከጎረቤት ላም፣ ከሰፈር ወተት ቤት ወይም በጀሪካን ከሚያዞር ነጋዴ ይገዛል። የሰላሌና የአድዓ ማኅበራትን የመሳሰሉ የገበሬ ኅብረት ሥራዎች ወተት ሰብስበው ለአቀነባባሪዎች ያቀርባሉ። በመረከቢያው በር ላይ ግን አለመግባባት አይጠፋም። ተረካቢው በላክቶሜትር ለክቶ ውኃ ገብቶበታል፣ በአልኮል ፈትኖ ሊበላሽ ነው ሲል ወተቱን ይመልሳል። ሌሊት ተነስቶ ያለበው ገበሬ ደግሞ መለኪያውን የያዘውም ዋጋውን የሚወስነውም ገዢው መሆኑ ቅር ያሰኘዋል። የተመለሰው ወተት ብዙ ጊዜ አይደፋም፤ ጥያቄ ወደማይበዛበት የሰፈር ገበያ ይሄዳል።

ጾምም ገበያውን ያናጋዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምዕመናን በዓመት ከ180 በላይ ቀናትን ከወተትና ከሥጋ ተቆጥበው ያሳልፋሉ። ላም ግን አትጾምም። በዐቢይ ጾም ወራት አቀነባባሪዎች የሚረከቡትን መጠን ሲቀንሱ ገበሬው ወተቱን ወደ ቅቤ ይለውጣል ወይም ባገኘው ዋጋ ይሸጣል።

የጤና ስጋቱም ተጨባጭ ነው። በ2012 የታተመ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የወተት እርባታዎች ከተመረመሩ 2,956 ከብቶች 30 በመቶው ለከብት ሳንባ ነቀርሳ በተደረገው የቆዳ ምርመራ ምላሽ ሰጥተው መገኘታቸውን አሳይቷል። ከመንጋዎቹም ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ውስጥ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ከብት ነበር። ለከተማው ወተት የሚያቀርቡት እነዚሁ ብዙ የሚታለቡ የውጭና የድቅል ዝርያ ላሞች ናቸው።

ማፍላት ያልፈታው ችግር

በ2015 መጨረሻ ላይ የኢትዮጵያን የወተት ገበያ ያናወጠው ዜና ከጥሬና ከተቀነባበረ ክርክር የሚያልፍ ነበር። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) የተሳተፈበት ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ የሰበሰባቸው 110 የወተት ናሙናዎች በሙሉ አፍላቶክሲን ኤም1 የተባለ መርዝ ተገኘባቸው። የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደውን በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያላለፉት ዘጠኙ ብቻ ነበሩ። የአሜሪካን 0.5 ማይክሮግራም ጣሪያ ያለፉት ደግሞ 29 ነበሩ።

አፍላቶክሲን በሻገተ እህልና መኖ ላይ የሚፈጠር ሲሆን በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከጉበት ካንሰር ጋር ይያያዛል። ላሟ የተበከለ መኖ ስትበላ መርዙ ተለውጦ በወተቷ ይወጣል። ተህዋስ ስላልሆነም ማፍላትም ሆነ ፓስቸራይዜሽን አያጠፋውም። ጥናቱ ምንጩን ያገኘው በኑግ ፋጉሎ ውስጥ ነበር፤ የስንዴ ፉርሽካ በኪሎ ከ9 እስከ 31 ማይክሮግራም ሲይዝ፣ ፋጉሎው ከ290 እስከ 397 ማይክሮግራም ይዞ ተገኝቷል።

ዜናው ሲሰማ በርካታ ወላጆች ለልጆቻቸው ወተት መግዛት አቆሙ። ገዢ ያጣው ግን መኖውን ያሻገተው አልነበረም፤ ፋጉሎውን በውድ ዋጋ ገዝቶ ላሙን የቀለበው ገበሬ ነው። ገበሬው ሻጋታውን በዓይኑ ቢያይ እንኳ በውስጡ ያለውን መርዝ የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም። ዘይት ጨማቂውና የመኖ ነጋዴው ግን በውዝግቡ ውስጥ ስማቸው ብዙም አልተነሳም። በምሥራቅ ሱዳንም ‘አምባዝ’ የሚባለው የሰሊጥና የለውዝ ፋጉሎ ለከብት የሚሰጥ በመሆኑ፣ ስለ መኖ አቀማመጥ የሚነሳው ጥያቄ ድንበር አያውቅም።

ኬንያ የመረጠችው መንገድ

ጎረቤት ኬንያ በከተሞች ጥሬ ወተት መሸጥን ለዓመታት በሕግ ስትከለክል ቆይታለች። በተግባር ግን ከሚሸጠው ወተት አብዛኛው በአነስተኛ ነጋዴዎች እጅ ነበር። ነጋዴዎቹ ይታሰራሉ፣ ወተታቸው ይደፋል፤ በማግስቱ ግን ሽያጩ ይቀጥላል። በዚያን ጊዜ የተካሄዱ ጥናቶች ሸማቾች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወተቱን አፍልተው እንደሚጠጡ አሳዩ። ክልከላው ነጋዴውን ከተቆጣጣሪ ዓይን ከመደበቅ ያለፈ ጥቅም አልሰጠም ነበር።

ከ2004 ጀምሮ የኬንያ የወተት ቦርድ አቅጣጫውን ለወጠ። ንጽሕና የሠለጠነ፣ ወተቱን በፕላስቲክ ጀሪካን ፋንታ ለማጠብ በሚመች የብረት ዕቃ የሚይዝና ለምርመራ ፈቃደኛ የሆነ ነጋዴ ፈቃድ እንዲያገኝ ተደረገ። በኋላ የተሠራ ግምገማ ለውጡ ለአርቢዎች፣ ለነጋዴዎችና ለሸማቾች በዓመት 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጥቅም ማስገኘቱን ገምቷል። ሩዋንዳ በተቃራኒው በ2016 ባወጣችው መመሪያ ወተት በመሰብሰቢያ ማዕከላት በኩል ብቻ እንዲያልፍ ወስናለች፤ ይህ መንገድ ግን ማዕከላቱንና ማቀዝቀዣዎቹን አስቀድሞ መገንባትን ይጠይቃል።

ማቀዝቀዣ ለማይገኝባቸው አካባቢዎች ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስ በ1991 ሌላ አማራጭ ፈቅዷል። በወተት ውስጥ በተፈጥሮ ያለውን ላክቶፐሮክሲዴዝ የተባለ ኤንዛይም በጥቂት ንጥረ ነገሮች በማንቃት ወተቱን በ30 ዲግሪ ሙቀት ከ7 እስከ 8 ሰዓት ማቆየት ይቻላል። ዘዴው ከጠዋቱ እልበት እስከ መሰብሰቢያው ያለውን ጉዞ ቢያሻግርም ማፍላትን አይተካም።

ለቤተሰብ የሚጠቅመው

የጤና ባለሙያዎች ምክር በየትም ቦታ ተመሳሳይ ነው። ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ። ጥሬ ወተት ገንፍሎ እስኪወጣ ይፈላ፤ ከዚያ በንጹሕና በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ። በገጠር የወተት ዕቃን በወይራ ጭስ ማጠን ጣዕም ከመስጠቱም በላይ የተህዋሲያንን መራባት ያዘገያል፤ ነገር ግን ማፍላትን አያስቀርም። ካልተፈላ ወተት የተሠራ እርጎና አይብም ብሩሴሎሲስን ሊያስተላልፍ ይችላል። ለሰው የማይሆን የሻገተ እህልና ፋጉሎ ለላምም አይሆንም።

ኢትዮጵያ በኅዳር 2022 በአርባ ምንጭ ያስጀመረችው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የወተት ምርትን ማሳደግ ከዓላማዎቹ አንዱ ነው። ምርቱ ሲያድግ ግን መኖውን ማን ይመርምር፣ ማቀዝቀዣውን ማን ይግዛ፣ የተመለሰውን ወተት ኪሳራ ማን ይሸከም የሚሉት ጥያቄዎችም አብረው ያድጋሉ። መልስ እስኪያገኙ ድረስ ወጪው በሁለቱ ጫፎች ላይ እንደወደቀ ይቆያል፤ ወተቱ ተመልሶበት ወደ ቤቱ በሚሄደው ገበሬና በቱነይድባ አንድ ኩባያ ወተት ለማፍላት ማገዶ በምትቆጥበው እናት ላይ።